ሲድ ሮቢት ቢወለድ ኖሮ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አስቸጋሪ ልጅ ሆኖ ማደግ ፈተና ነው። ሌላ አገር ወላጅ ልጁን «መጨረሻህ እስር ቤት ነው» ብሎ ሲቆጣ ልጁ አንድ የጨለማ ቤት በሐሳቡ ያያል፣ ሁለት ደቂቃ ይፈራል፣ ከዚያ ይረሳዋል። የእኛ እናቶች ግን በሐሳብ አይደክሙም። ክንዳቸውን ዘርግተው አቅጣጫውን ያሳያሉ። ማረሚያ ቤቱ እዚያው ነዋ! አገሩም ሁሉ ከተማችንን የሚያውቃት በእሱ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ «ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው» ስል ፊታቸው በርኅራኄ ተሞልቶ «ውይ! ስንት ዓመት ፈርደውብህ ነው?» ያሉኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ስለ ማንጎው፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ማሾው የሚጠይቅ የለም። ይህን ብሶት ሳላብራራ የሚረዱልኝ የዝዋይ ልጆች ብቻ ናቸው።

እንዲህ ባለ ከተማ የልጅ የወደፊት ሕይወት የሚበየነው ገና በስምንት ዓመቱ ነው። ፍርድ ቤቱ ቡና የሚጠጣበት በረንዳ ነው፤ ዳኞቹ ጎረቤቶች ናቸው፤ ይግባኝ የለም። «ይሄ ልጅ እኮ አንድ ቀን…» ይሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ስኒያቸውን ያነሣሉ። ያልተጨረሰው ዓረፍተ ነገር ከተጨረሰው ይከፋል። ልጁ ያን ባዶ ቦታ ተሸክሞ ያድጋል።

የካርቱን ፊልም ክፉ ልጆች ከዚህ ነጻ ናቸው። እነሱ አያድጉም። ፊልሙ ሲያልቅ አብረውት ያልቃሉ፤ ጥሩው ልጅ ያሸንፋል፣ መጥፎው ይጮኻል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ የሠራተኞች ስም ይወርዳል። ጥሬ ሥጋ የሰረቀው ጅብ ጎልማሳ ሲሆን ቤተሰብ መሥርቶ እንደሆነ የእኛም ተረት አይነግረንም። አባባ ተስፋዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይሉን ነበር። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት በር ላይ ተኮልኩለን፣ የባለቤቱን ልጅ አንገት በእጃችን ገፋ እያደረግን፣ እጃችንን እያውለበለብን «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ!» እንላቸው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያርፉ ካዘንኩባቸው ነገሮች አንዱ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቃቸው መቅረቴ ነው። ከአበባዎቹ መካከል የእኅቱን አሻንጉሊት አንገት የሚቆርጠውስ አበባ ፍሬው ምንድን ነው?

የምጠይቀው ስለ አንድ ልጅ ነው። ስሙ ሲድ ፊሊፕስ ይባላል። «ቶይ ስቶሪ» የተባለው የፒክሳር ፊልም፣ ከዳር እስከ ዳር በኮምፒዩተር የተሠራው የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም፣ በፈረንጆች 1995 ወጣ፤ በእኛ 1988 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊቶች ሰው ሳያይ ይናገራሉ፣ ይራመዳሉ። አንዲ የሚባለው ደግ ልጅ ይወዳቸዋል። ሲድ የአንዲ ጎረቤት ነው፤ ጥርሱ ላይ ሽቦ፣ ደረቱ ላይ የራስ ቅል የተሣለበት ጥቁር ቲሸርት። የሲድ ወንጀል አሻንጉሊት መፍታት ነው። የአንዱን ራስ ይነቅልና ከሌላው አካል ጋር ይገጥመዋል። የሕፃን አሻንጉሊት ጭንቅላት በብረት የሸረሪት እግር ላይ ያቆማል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ የሴት አሻንጉሊት እግር ይተክላል። አንዱን ከርችት ሮኬት ጋር አስሮ ሊያስወነጭፍ ይዘጋጃል፤ የሌላውን ግንባር በማጉሊያ መስታወት ፀሐይ ሰብስቦ ይተኩሰዋል። (ይህ የመጨረሻው ሮቢት ቢሆን ኖሮ መስታወቱ አያስፈልገውም ነበር። ሚያዝያ ውስጥ በሰባት ሰዓት አሻንጉሊቱን ደጅ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።)

የእኅቴ ልጅ ፊልሙን በፍላሽ አስጭኖ መጥቶ ሳሎን ተቀምጠን አየነው። እናቴ ከጎናችን ማሾ በሰፌድ እየለቀመች ነው። አንድ ዓይኗ ጠጠሩ ላይ፣ አንዱ ስክሪኑ ላይ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ልጁ ስለ ጀግኖቹ አልጠየቀኝም።

«ጋሼ፣ ያ ልጅ ታሰረ?»

«አልታሰረም።»

«ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም! ሦስተኛው ፊልም ላይ አድጎ ይመጣል። የቆሻሻ መኪና ላይ ነው የሚሠራው።»

ልጁ አሰበና «መኪናው የሱ ነው?» አለ።

«የማዘጋጃ ቤት ይመስለኛል።»

እናቴ ከሰፌዷ ቀና አለች። «ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት?»

ይህን የጻፍኩት ቀልድ ፈልጌ አይደለም። በፈረንጆች 2010 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲድ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ብቅ ይላል። ያው ቲሸርት፣ ያው የራስ ቅል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ እጁ ላይ ጓንት፤ ሙዚቃውን እያዳመጠና ራሱን እየነቀነቀ ቆሻሻውን ይጭናል። ድምፁን የሰጠውም በልጅነቱ የሰጠው ያው ተዋናይ ነው። የፊልሙ ሰዎች ሐሳብ ግልጽ ነው፤ «አያችሁ? ክፉ ልጅ መጨረሻው ቆሻሻ ጫኝ ነው» ሊሉን ነው። ሆሊዉድ ይህን ቀልድ ሲሠራ ግን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰው እንደሚያየው አላሰበም። ጓንት የተሰጠው፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ያለው፣ ወር ሲደርስ የሚከፈለው፣ በሥራ ሰዓት ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው እኛ ሰፈር ተቀጣ አይባልም። «እገሌ'ኮ አለፈለት» ነው የሚባለው። እናቴንም የእኅቴ ልጅ ሲድን አለመምሰሉ ሳይቆጫት አይቀርም።

እንግዲህ ፈረንጅ ለልጁ የሰጠውን ዕድሜ ትቼ የራሴን ልስጠው። የፊልሙን ዓመት ይዘን ብንቆጥር ሲድ ዛሬ 40 ዓመት የደፈነ ጎልማሳ ነው። ሮቢት ቢወለድ ምን ይሆን ነበር?

በመጀመሪያ ሮቢት ቢወለድ ክፉ መባሉ ራሱ ያጠራጥራል። በወረዳችን በቀወት አሻንጉሊት የሚሰብር ልጅ አይገኝም፤ የሚሰበር አሻንጉሊት የለማ! ልጅ መጫወቻውን ራሱ ይሠራል። የማሽላ አገዳ ልጦ መነጽርና ጋሪ ያወጣል፤ ሽቦ አጣሞ መኪና፣ አሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጦ ጎማ። የሃይላንድ ክዳን በምስማር ሲበሳ ይሽከረከራል። ስለዚህ የሲድ ዓይነት እጁ አርፎ የማይቀመጥ ልጅ የሚፈታው የትልቅ ሰው ዕቃ ነው። የአባቱ ሬዲዮ። ሬዲዮው ከተፈታ በኋላ ስፒከሩ ይሰበርና ማግኔቱ ይወጣል። ማግኔቱ በክር ይታሰርና ሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ ይጎተታል፤ ሲወጣ ጥቁር የብረት ብናኝ ጢም አብቅሎ ይወጣል። ያን ጢም በጣት ነክቶ ያላደነቀ ልጅ ልጅ አልነበረም ባይ ነኝ። ማታ አባትየው ዜና ሊሰማ ሲቀመጥ የሚሆነውን መግለጽ አያስፈልግም። ሮኬትም ቢሆን ነበረን። የክብሪት ራስ ተፈርፍሮ ቀዳዳ ቁልፍ ውስጥ ይሞላል፣ ምስማር ይሰካበታል፣ በገመድ ታስሮ ከግንብ ጋር ይላተማል። ጧ! እትዬ እገሊት ከነጀበናቸው ይዘላሉ። ሲድ እኛ ሰፈር ቢመጣ ከመሐከለኛዎቹ አንዱ ነበር የሚሆነው።

ወደ ሕጉም ብንሄድ ክሱ አይቆምም። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውም እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፣ ለብቻው የተቀመጠ ሥርዓት አለው። ደግሞስ ተበዳዩ ማን ነው? አብዛኛው አሻንጉሊት የራሱ ነው። የሚያስጠይቀው የእኅቱ የሃና አሻንጉሊት ጉዳይ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ሁለት ሽማግሌ ቁጭ ብሎ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። «ራሷን መልስላት፣ እግሯን ሳም፣ ሂድ ውሃ ቅዳ።» መዝገቡ ተዘጋ። ማረሚያ ቤቱ እንደ ጎረቤት እንጂ እንደ አድራሻ አያስፈልገውም።

ታዲያ ለምን ክፉ ተባለ? ፊልሙ የአሻንጉሊቶቹ ዜና መዋዕል ስለሆነ ነው። ይፋቴ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። አገራችን ይፋት ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የወላስማ ሱልጣኖች መናገሻ ነበረች፤ ከሮቢት ብዙም ሳይርቅ ኖራ የተባለችው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ከነመስጊዱ ግድግዳ ዛሬም ቆሞ ይታያል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዓምደ ጽዮን ከይፋቱ ሰብረዲን ጋር ሲዋጉ የሆነውን የምናነበው የዐፄው ጸሐፊ ከጻፈው ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሰብረዲን ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደተሣለ መገመት አያቅትም። የሰብረዲን ጸሐፊ የጻፈው ቢገኝ ደግሞ ሌላ ፊልም እናይ ነበር። ሲድም ጸሐፊ አልነበረውም። ካሜራው ሁልጊዜ አልጋ ሥር፣ ከአሻንጉሊቶቹ ጋር ነው። ከአልጋ ሥር ሆኖ ሲያዩት ማን የማያስፈራ አለ?

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚያ ራስና እግራቸው የተቀላቀለ የሲድ አሻንጉሊቶች መጀመሪያ ሲያዩአቸው ያስደነግጣሉ፤ ኋላ ግን ባዝ የተባለውን የአንዲን አሻንጉሊት የተነቀለ ክንድ መልሰው የሚገጥሙት እነሱ ናቸው። የአንዲ ቤት አሻንጉሊቶች ቆንጆ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ስብሰባ ይወዳሉ፤ ሰው የወደቀ ጊዜ ግን ቡሎን ማሰር የሚችል በመካከላቸው አልታየም። የሲዶቹ ይህን ሙያ ከማን ተማሩት? ፊልሙ ይህን ጥያቄ ዝም ብሎ ያልፈዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ግን አያልፈውም። ጎማ ጫማ የሚሆንበት፣ በርሜል ምድጃ የሚሆንበት፣ የአንዱ ሆድ የሌላው ራስ የሚሆንበት ሰፈር ነው። የሲድ መኝታ ቤት አሜሪካ ውስጥ የሽብር ቤት ሆነ፤ ምናለሽ ተራ ቢሆን አንድ ሱቅ ነው፣ ያውም የደንበኛ ሱቅ። ሆሊዉዶች የቆሻሻ መኪና ሲሰጡት ወደ እውነቱ ጥቂት ተጠግተው ነበር። ቆሻሻ ጫኝ ሳይሆን ቁራሌው ቢያደርጉት ኖሮ ትክክለኛው ቦታ ላይ በደረሱ። ጆንያውን አንግቶ፣ ሰው የጣለውን እያየ «ይሄ ለዚያ ይሆናል» የሚል ሰው።

እኔ ግን መርካቶ አልልከውም። ሮቢት ራሷ ትፈልገዋለች።

እዚህ ጋ የፊልሙን ትልቁን ነገር ላንሣ። መጨረሻው ላይ ዉዲ የተባለው አሻንጉሊት ሕጉን ይጥስና ሰው ፊት ይናገራል። ሲድ እጅ ውስጥ እንዳለ አንገቱን ሙሉ ዙር አዙሮ፣ ዓይን ለዓይን እያየ፣ ከዛሬ ጀምሮ አሻንጉሊት በወጉ እንድትይዝ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ልጁ እየጮኸ ቤቱ ይገባል። በዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ አሻንጉሊት እንደሚናገር በጆሮው የሰማ የሰው ልጅ እሱ ነው፤ እውነቱን የሚያውቀው ክፉው ልጅ ሆነ ማለት ነው። ጥሩው አንዲ እስኪያድግ ድረስ ምንም አያውቅም።

አሁን ይህ ልጅ ሮቢት ቤቱ ገብቶ «እማዬ፣ አሻንጉሊቱ አናገረኝ» ሲል አስቡት። እናቱ ግንባሩን ትነካለች። የወባ አገር ነውና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስዳ ደም ታስመረምረዋለች። ደሙ ነጻ ይሆናል። «ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ብቻህን ሄደህ ነበር?» ሄዷል፣ መቼ ሳይሄድ ቀርቶ! በቃ፣ ለከፈው። ከማግስቱ ጀምሮ ጸበል ነው፤ ጧት ሳይበላ፣ ሰባት ቀን። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ የግቢው ጎረቤት ደግሞ በጆሮዋ ጠጋ ብላ «እኔ የማውቃቸው አንድ ሸህ አሉ፣ ዱዓቸው አይመለስም» ትላታለች። እናትየው የጸበሉን ጄሪካን አስቀምጣ ወደ ሸሁ ትወስደዋለች። የይፋት እናት ልጇ ታሞ ሃይማኖት አትመርጥም። ልጁ በሁለቱም በኩል ይድናል። ማለትም ዝም ማለት ይማራል።

ግን የሰማውን ሰምቷል። ዕቃ ነፍስ እንዳለው የሚያውቅ ልጅ አድጎ ምን ይሆናል? መካኒክ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?

የመስኖ ሞተር መካኒክ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀወት የሽንኩርት አገር ነው። ከወንዙ ውሃ ስቦ ወደ መደቡ የሚያወጣው ያ ሞተር ካልተነሣ ሽንኩርቱ በሦስት ቀን አንገቱን ይደፋል፤ የቀወት ፀሐይ ቀጠሮ አይሰጥም። ገበሬው ሞተሩን በጋሪ ጭኖ ይመጣል። ፊቱ ታማሚ ያመጣ ሰው ፊት ነው። መካኒኩ ወዲያው ቁልፍ አያነሣም። ሞተሩን ያስነሣዋል፤ ሞተሩ ያስላል፣ ይንተፋተፋል። መካኒኩ ረጅሙን ካቻቢቴ ይወስድና ጫፉን ሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ቀዳዳ ላይ ያደርጋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ቦታ ይቀይራል፣ እንደገና ያዳምጣል። ባለ ሞተሩ ትንፋሹን ይይዛል። ሐኪም የልጁን ደረት ሲያዳምጥ ያየ አባት እንኳ እንዲህ አይጨነቅም። ከዚያ መካኒኩ ዓይኑን ገልጦ «ፋሻው ነው የሚያለቅሰው» ይላል። «የሚያለቅሰው» ነው የሚለው። «ተበላሸ» አይልም። ካንዴላ «ይደነግጣል»፣ ፓምፕ «ይተነፍሳል»፣ ሞተር «ይራባል»። ከአሻንጉሊት ጋር ተነጋግሮ የማያውቅ ሰው እንዲህ አይናገርም። ይህን ያየሁ ቀን ሲድን አገኘሁት ብያለሁ።

የመለዋወጫው ነገርማ አይነሣ። የሞተሩ ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል፤ ቢገኝም ከሞተሩ ይወደዳል። ሲድ ያኔ ወደ ጓሮው ይሄዳል። የባጃጅ ካርቡሬተር፣ የፍሪጅ ቱቦ፣ ከጣርማ በር ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ የወረደ የጭነት መኪና ጥሎት የሄደ ብረት፣ ሁሉም ተከምሯል። የሕፃን ራስ በሸረሪት እግር ላይ ያቆመ ልጅ የባጃጅ ሳንባ በውሃ ሞተር ላይ ለመግጠም ምን ይከብደዋል? ሲነሣ ድምፁ የማይታወቅ አውሬ ይሆናል። ግን ይስባል! ውሃው ቱቦውን እየነዘረ ይመጣል። አሜሪካ ቢሆን ይህን ሞተር ያዩ ሕፃናት አልጋ ሥር ይደበቃሉ፤ እዚህ ገበሬው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ሽንኩርቱ ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» ብሎ ይሄዳል። ሲድ ደብተር አለው፣ ይመዘግባል። የሽንኩርት ዋጋ አንዳንድ ዓመት ጣራ ይነካል፣ አንዳንድ ዓመት ማሳው ላይ እስኪበሰብስ ይጣላል። ደብተሩም እንደዚያው ነው።

ስለ አንዲም ልንገራችሁ፤ ደጉ ልጅ እንዳይቀር። አንዲ በሦስተኛው ፊልም 17 ዓመቱ ነው፤ አሻንጉሊቶቹን ለጎረቤት ልጅ አስረክቦ ኮሌጅ ይሄዳል፣ ተመልካቹም ያለቅሳል። ሮቢት ቢሆን አንዲ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል፣ እናቱ በኩራት አገሩን ትዞራለች፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ በሚያምር ጥቁር ካባ ይመረቃል። ከዚያ ይመለሳል። ዲግሪው ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከመድኃኔዓለም ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ያነባል። በመጨረሻ ስልኩ ወድቆ ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ወደ ሲድ ሱቅ ይመጣና «ወንድሜ፣ ሥራ ስይዝ እከፍልሃለሁ» ይለዋል። ሲድ ደብተሩን ይከፍታል። «ግድ የለም፣ ጎረቤት አይደለን?» ይለዋል። ለአንዲ አዝናለሁ፤ እሱ የተባለውን ሁሉ አድርጓል።

ሁሉም ክፉ ልጅ ግን መካኒክ ይሆናል አላልኩም። ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው አንድ ሐሳብ የላቸውም። «ዘ ኢንክሬዲብልስ» ላይ ያለው በዲ የሚባለው ልጅ፣ የሚያበርር ጫማ ራሱ የሠራ ባለ እጅ፣ ጀግናውን ላግዝህ ብሎ ሄዶ ተገፍቶ ይመለሳል፤ አድጎ መሣሪያ ነጋዴ ነው የሆነው። በሌላ ፊልም ያለው ግሩ የሚባለው ደግሞ፣ 12 ዓመት ገደማ ሆኖ ከዓለም ክፉ ሁሉ የከፋሁ ልሁን ያለው፣ ጨረቃን ሊሰርቅ ሲሰናዳ ሦስት ወላጅ አልባ ሴት ልጆች እጁ ላይ ወደቁና አባታቸው ሆኖ ቀረ። ለልጆች ያልተሠራው «ሳውዝ ፓርክ» ላይማ ያ አፉ የማይዘጋ ካርትማን በ2021 ልዩ ዝግጅት አድጎ ሲመጣ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት የአይሁድ ሃይማኖት መምህር ሆኖ ተገኘ። ይህን ለእናቴ ስነግራት አልደነቃትም። «ድምፁ ትልቅ የሆነ ልጅ ወይ መሪጌታ ይሆናል ወይ ደላላ» አለችኝና ወደ ማሾዋ ተመለሰች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ልጅ ነው። በየሰፈሩ አለ፤ በእናንተም ሰፈር ይኖራል። ሬዲዮ ፈትቶ አያውቅም። ልብሱ አይቆሽሽም። ለትልቅ ሰው ከወገቡ ጎንበስ ይላል። እኛ ቁልፉን ከግንቡ ጋር ስናላትም እሱ ዳር ቆሞ ያያል፤ ማታ ደግሞ ለየወላጁ ቤት ለቤት እየዞረ የእያንዳንዳችንን ድርሻ በዝርዝር ያስረዳል። ለእሱ «ይሄ ልጅ አንድ ቀን…» ያለ የለም፤ «ጨዋ ልጅ፣ የተባረከ» ነው የተባለው። ካርቱን ሠሪዎች እስከ ዛሬ አልደረሱበትም፤ ፊቱ ለሥዕል አይመችም፣ ለክፋት ምልክት የሚሆን ነገር የለውም። አድጎ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ስሙንና መሥሪያ ቤቱን አልናገርም እንጂ። ማህተም ያለበት መሳቢያ ቁልፍ እሱ ጋር ነው። አንድ ወረቀት ላስፈርም የሄድኩ ጊዜ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ወንበር አቀረበልኝ፤ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ። ከዚያ «ሰኞ ና» አለኝ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ እስካሁን አልተገለጸም። ሲድ አሻንጉሊት አቃጠለ፣ እውነት ነው። የሰው ቀን ግን አላቃጠለም።

እንግዲህ በአዲስ አበባ ደሴ መንገድ የምታልፉ ሰዎች፣ ከደብረ ሲና ብርድ ወርዳችሁ ሮቢት ስትደርሱ መኪናችሁ ካስነጠሰ አትጨነቁ። ከዋናው መንገድ ገባ በሉና «ሞተር የሚሠራው ልጅ» ብላችሁ ጠይቁ። 40 ዓመት ቢሞላውም «ልጅ» ነው የሚባለው፤ የሰፈሩ ዓረፍተ ነገር ገና አላለቀለትም። የራስ ቅል ያለበት ቲሸርት ቢለብስ አትፍሩት፣ ከልባሽ ጨርቅ ተራ የተገዛ ነው። ጧት ሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አያሠራም። በሽንኩርት ወቅት ከሆነ ገበሬዎቹ ይቀድሟችኋል፣ ተራ ጠብቁ። ሥራውን ጨርሶ ሲነሣ እጁ መዳፍ ላይ ሁለት ሦስት ቡሎን ይተርፈዋል። የት ይገባ እንደነበር አትጠይቁት። መኪናው ይነሣል።